የኑክሌር ጣቢያ አጥር ስንት ደቂቃ ያቆያል?

በቆጋ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያደጋችሁ ማማ ምን እንደሆነ አይጠፋችሁም። በቆሎው ሲያሸት ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ እላዩ ላይ ይወጣና ማሳውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ይጠብቃል። እስቲ አንድ ጥያቄ፦ ማሳውን የሚያድነው ማማው ነው፣ የእሾህ አጥሩ ነው ወይስ ወንጭፉ?

መልሱ «ሦስቱም፣ በሰዓቱ ከተገናኙ» ነው። ማማው አውሬውን ቀድሞ ለማየት፣ አጥሩ ለማዘግየት፣ ወንጭፉ ደግሞ ለመመለስ ነው። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጥበቃም በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፦ ማወቅ፣ ማዘግየት፣ ደርሶ ማስቆም።

ይህ እኛን ምን አገባን? በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያግዝ የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርማለች። ጣቢያው ገና አልተሠራም። ከተሠራ ግን ጥበቃውን የሚፈትሹት ሰዎች ዛሬ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ፊዚክስ እየተማሩ ይሆናል። ምናልባት ከእነሱ አንዷ አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ ሰርጎ ገብ አጥሩን ለመቁረጥ 2 ደቂቃ፣ እስከ ሕንፃው ለመሮጥ 1 ደቂቃ፣ በሩን ለመስበር 5 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በድምሩ 8 ደቂቃ። የጥበቃ ኃይሉ ተጠርቶ ለመድረስ ደግሞ 6 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ማንቂያው ገና አጥሩ ሲነካ ከጮኸ ጥበቃዎቹ 2 ደቂቃ ቀድመው ይደርሳሉ። በሩ ሲነካ ብቻ ከጮኸ ግን የቀረው 5 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ 1 ደቂቃ ዘግይተው ይደርሳሉ። አያችሁ? አጥሩም፣ በሩም፣ ጥበቃዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ማንቂያው የጮኸበት ቦታ ብቻ ነው።

ጎበዝ ተቆጣጣሪ እንግዲህ የአጥሩን ቁመት አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ጊዜ ይለካል። ቀስ ብሎ እየተራመደ፣ አንዳንዴም እየዳኸ ሴንሰሩ ያውቀው እንደሆነ ይሞክራል። ካሜራው የማያየው ጥግ አለ? ሣሩ አድጎ አጥሩን ሸፍኗል? መብራት ሲጠፋ ማንቂያው በባትሪ ይሠራል? በአሜሪካ ደግሞ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በእያንዳንዱ ጣቢያ ላይ የማስመሰል ጥቃት ይካሄዳል። አጥቂ መስለው የሚመጡት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ጥበቃዎቹም እውነተኛ ጥቃት እንደመጣ ሆነው ይመክታሉ።

መሣሪያው ቢሠራም ሰው ሊሰንፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 አንዲት የ82 ዓመት መነኩሲትና ሁለት ጓደኞቻቸው የኑክሌር መሣሪያን ለመቃወም በአሜሪካ ቴነሲ ወደሚገኘው ዋይ-12 ግቢ ገቡ። ግቢው ለኑክሌር ቦምብ የሚውል ዩራኒየም የሚከማችበት ነው። አጥሮቹን ቆርጠው የማከማቻው ግድግዳ ድረስ ደረሱ። ማንቂያውማ ጮኾ ነበር! ነገር ግን በየቀኑ በከንቱ ስለሚጮህ ጥበቃዎቹ ለምደውት ነበር፤ ቦታውን የሚያሳየው ካሜራም ከወራት በፊት ተበላሽቶ አልተጠገነም። ያለ ምክንያት ሲጮህ የሚያድር ውሻ ሌባ የመጣ ቀን ማን ይሰማዋል?

ሌላው ፈተና ከውስጥ የሚመጣ ነው። እስካሁን በአፍሪካ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ብቸኛው የኑክሌር ጣቢያ በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን አጠገብ ያለው ኩበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 እዚያው ይሠራ የነበረ አንድ የአፓርታይድ ተቃዋሚ አራት ፈንጂዎችን አስገብቶ አፈነዳ። ጣቢያው ገና ሥራ ስላልጀመረ ጨረር አላመለጠም። ለእሱ አጥሩ ስንት ደቂቃ አቆየው? ምንም! ሠራተኛ ስለሆነ የሚገባው በበሩ ነው። ለዚህም ነው ተቆጣጣሪ ቁልፍ የያዙትን ሰዎች ዝርዝር፣ የፍተሻውን በርና «ወሳኝ ክፍል ብቻውን የሚገባ ሰው አይኑር» የሚለውን ደንብ የሚመረምረው።

ብዙዎች ይህን ሁሉ የሚያደርገው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ይመስላቸዋል። የኤጀንሲው ተቆጣጣሪዎች ዋና ሥራ ግን የኑክሌር ቁሱ ለጦር መሣሪያ አለመዋሉን ማረጋገጥ ነው። ለጥበቃው መመሪያ ያወጣል፤ አገሮች ሲጋብዙትም ባለሙያ ይልካል። ኃላፊነቱ ግን የየአገሩ መንግሥት ነው። እኛም ከባዶ አንጀምርም፦ በሆስፒታልና በኢንዱስትሪ የምንጠቀምባቸውን የጨረር አመንጪዎች የሚቆጣጠር ሕግ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ አለን።

እስቲ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት። ውሻችሁ ሲጮህ ሰዓት ያዙ። አንድ ሰው ወጥቶ እስኪያይ ስንት ደቂቃ ፈጀ? የግቢው በርስ ያን ያህል ደቂቃ ያቆያል?