በዓለም የገንዘብ ድርጅት የእኛ እጅ ስንት ይቆጠራል?

በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አሥር ዕጣ የገዛውም ሆነ አንድ ዕጣ ብቻ ያለው አባል እጁን የሚያወጣው አንድ ጊዜ ነው። ይህ የማኅበራት መሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ሕግ ነው። አገሮች አባል በሆኑበት በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ግን ድምፅ የሚለካው በዋነኛነት በመዋጮ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ድርጅት ዘንድ እንግዳ አይደለችም። በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ብሬተን ውድስ በተባለ ስፍራ 44 አገሮች ድርጅቱንና የዓለም ባንክን ለማቋቋም ሲመክሩ ከተገኙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። ይሁንና ዛሬ ያላት ድምፅ የ1 በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ አላት። ዐበይት ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚጠይቁ እርሷ ካልፈቀደች አያልፉም።

ባለፈው በጋ ስለ ማዳበሪያ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ «ይህ የገንዘብ ድርጅት የሚባለው ከእኛ ማሳ ምን አገናኘው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዚያው ዕለት ድርጅቱ ለአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ለኢትዮጵያ አጸደቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። መንግሥት የዋጋውን ከፊል በድጎማ ቢሸፍንም የምንዛሪው ለውጥ ማሳ ድረስ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የብድሩን መመሪያ በሚያጸድቀው ቦርድ ውስጥ ደግሞ የተበዳሪው ድምፅ አነስተኛ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ የከፋ አልነበረም። እያንዳንዱ አባል አገር እኩል የሚያገኘው «መሠረታዊ ድምፅ» የሚባል ነገር አለ። ድርጅቱ ሲቋቋም ይህ ከጠቅላላው 11 በመቶ ገደማ ነበር። መዋጮ እያደገ ሲሄድ እየቀነሰ መጥቶ 2 በመቶ ገደማ ደረሰ። በ2003 ዓ.ም. በሦስት እጥፍ ተጨምሮ 5.5 በመቶ ሆነ፤ ያም ሆኖ ከጥንቱ ግማሽ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሁሉም መዋጮ በእኩል 50 በመቶ እንዲያድግ ተወሰነ። ሁሉም በእኩል ካደገ የማንም ድርሻ አይለወጥም። ይህን ማንም ዕጣ የቆጠረ ገንዘብ ያዥ ያውቀዋል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች በቦርዱ ላይ ሦስተኛ ወንበር ተሰጠ። ቀድሞ ከ40 የሚበልጡ አገሮች በሁለት ወንበር ይወከሉ ስለነበር ለተወካዮቹ የሥራ ጫናው ይቀልላቸዋል። የድምፃቸው ብዛት ግን ያው ነው።

ሌላ አሠራር ተሞክሮ ያውቃል። በ1967 ዓ.ም. በሮም ከተደረገው የዓለም የምግብ ጉባኤ የተነሣው ዓለም አቀፍ የእርሻ ልማት ፈንድ (ኢፋድ) በ1970 ዓ.ም. ሲቋቋም 1,800 ድምፅ ነበረው። 600 ለበለጸጉት፣ 600 ለነዳጅ ላኪዎች፣ 600 ለተቀባዮቹ ታዳጊ አገሮች ተደለደለ። ወደ 1980ዎቹ መጨረሻ ግን ለጋሾች ባዋጡት መጠን አዲስ ድምፅ እንዲያገኙ ተሻሻለ። በአገራችን ለአነስተኛ መስኖና ለገጠር ቁጠባና ብድር ገንዘብ ያቀረበው ይኸው ፈንድ ነው። በእነዚህ መስኖዎች የተቋቋሙ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት መሪዎች ስሙን ከፕሮጀክቱ ሰሌዳ ላይ ሳያዩት አይቀሩም።