«ሪሳይክል የተደረገ» ክሪስታል ሲባል ምን ማለት ነው?

በምትኖሩበት ከተማ የጌጣጌጥ መደብር ጎራ ብትሉ «ሪሳይክል ከተደረገ ጥሬ ዕቃ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ሳታዩ አትቀሩም። በወርቅና በብር በኩል ነገሩ ቀላል ነው። ቀልጦ የተጣራ አሮጌ ቀለበት ከማዕድን ጉድጓድ ከወጣው ወርቅ የሚለይበት ነገር የለም፤ የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎችም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። የዴንማርኩ ፓንዶራ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ጌጦቹን በሙሉ በእንዲህ ዓይነት ብርና ወርቅ እንደሚሠራ አስታውቋል። ክሪስታል ግን ሌላ ጣጣ አለው።

ለመሆኑ ክሪስታል ምንድን ነው? ስሙ ያሳስታል እንጂ ብርጭቆ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት በ1670ዎቹ እርሳስ ኦክሳይድ የተጨመረበትን ብርጭቆ ለገበያ አበቃ። እርሳሱ ብርጭቆው ብርሃንን አብዝቶ እንዲሰብር፣ በቀላሉ እንዲቀልጥና እንዲቆረጥ ያደርገዋል። የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1969 ባወጣው መመሪያ «የእርሳስ ክሪስታል» የሚለውን ስም ለማግኘት ቢያንስ 24 በመቶ እርሳስ ኦክሳይድ ያስፈልጋል አለ።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እንዲህ ያለው አንድ ኪሎ ክሪስታል 220 ግራም ያህል ንጹሕ እርሳስ ይዟል። የአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ሕግ ለእርሳስና ለሌሎች ሦስት መርዛማ ብረቶች በድምሩ የሚፈቅደው መነሻ መጠን በቶን 100 ግራም ነው (ለጠርሙስ በልዩ ሁኔታ ከፍ ይላል)። እንግዲህ አንድ ኪሎ ክሪስታል ብቻውን ከሁለት ቶን በላይ የጠርሙስ ስባሪ እስከዚያ ወሰን ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። ቡፌ ላይ የተደረደረው ክሪስታል ሲሰበር ከቢራ ጠርሙስ ጋር የማይጣለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2008 የአሜሪካ ሕግ በልጆች ዕቃ ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ አጥብቆ ገደበ። ከ1895 ጀምሮ በኦስትሪያዋ ዋተንስ የሚሠራው ስዋሮቭስኪ ደግሞ በ2012 ያለ እርሳስ የሚሠራ ክሪስታል አቀረበ። ለሪሳይክል ዋናው እርምጃ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ነው፤ ያለዚያ እያንዳንዱ ዳግም ማቅለጥ መርዙን ይዞ ይዞራል። በነጻ ግን አልመጣም፤ እርሳስ የሌለው ብርጭቆ በአብዛኛው የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል። ስባሪ መጨመር ከዚህ ጥቂቱን ያካክሳል። በተራ ጠርሙስ ሥራ በየ10 በመቶው ስባሪ ከምድጃው ኃይል 2.5 በመቶ ያህል ይቆጠባል።

ታዲያ ስባሪው ከየት ይመጣል? ከአንገት ሐብል የወጣ ፈርጥ ከጀርባው እንደ መስተዋት የሚያበራ የብረት ቅብ አለው፤ ሙጫም ይዟል፤ ቀለሙና ቅመሙም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ይህን ለቅሞ ማጣራት አድካሚ ነው። ለፋብሪካ የሚቀለው የራሱን ስባሪ መልሶ ማቅለጥ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ብርጭቆ ሠሪዎችም ድሮ ጀምረው ያውቁታል። ሆኖም አይ.ኤስ.ኦ. 14021 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአንድ የምርት ሂደት ወጥቶ ወደዚያው ሂደት ሊመለስ የሚችል ስባሪ «ሪሳይክል የተደረገ» ተብሎ እንዳይቆጠር ይከለክላል።

ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ ተጨማሪ ዋጋ ስትጠየቁ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ በመቶኛ የተጻፈው ፈርጡን ነው ወይስ ፈርጡ የተቀመጠበትን ብረት? ስባሪውስ ከደንበኛ የተመለሰ ነው ወይስ ከዚያው ፋብሪካ ወለል የተለቀመ?