አያት ስምንት፣ የልጅ ልጅ ሁለት፦ የህፃናት ቁጥር ወዴት እየሄደ ነው?



በቀደም ከደባርቅ ገጠር ጎንደር አራስ ሊጠይቁ የመጡ አንዲት አያት፣ የልጅ ልጃቸው ሁለተኛ ልጇን ስታስከትብ አብረው መጥተው ነበር። «ዶክተር ልጄ፣ እኔ ስምንት ወልጄ ሦስቱን ቀበርሁ። ይቺ ግን ሁለት ይበቃኛል ትላለች። እንዲህ ከሆነ አገሩ ባዶ አይቀርም?» አሉኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

📌 ዓለም ላይ ምን ሆነ?
እንደ ተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ህፃናት ቁጥር ጣሪያ የነካው በ2017 አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ በትንሹ እየቀነሰ ነው። የቀነሰው ግን ሞት ስለበዛ አይደለም። በ1990 በዓመት ከ12 ሚሊዮን በላይ ህፃናት 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2022 ወደ 4.9 ሚሊዮን ወርዷል። የቀነሰው የሚወለደው ስላነሰ ነው።

📌 እኛ ጋስ?
በ2000 በአገራችን ከ1000 ህፃናት 166ቱ 5 ዓመት አይሞላቸውም ነበር፤ ከ6 አንዱ ማለት ነው። በ2019 ቁጥሩ 59 ሆነ። አንዲት እናት በአማካይ የምትወልደው ደግሞ በ2000 ከነበረበት 5.5 በ2016 ወደ 4.6 ወረደ። በአማራ ክልል 3.7፣ በአዲስ አበባ 1.8 ነበር።

ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ክትባትና የጤና ኤክስቴንሽን ገጠር ድረስ ሲገቡ፣ ሴቶች ሲማሩ፣ የወሊድ መከላከያ ሲገኝ፣ ወላጅ «የወለድኩት ያድግልኛል» ብሎ ያምናል። ያኔ ለመተኪያ ብሎ አይወልድም። አገሩም ባዶ አይቀርም፤ ገና እናት የሚሆኑ ወጣት ሴቶች በጣም ብዙ ናቸው።

📌 አሁን የሚያሳስበኝ
በ2000 ከሞቱት 166 ህፃናት 49ኙ የሞቱት በመጀመሪያው ወር ነበር። በ2019 ግን ከ59ኙ 33ቱ! ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ተቅማጡንና ኩፍኙን እያሸነፍን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 28 ቀናት ግን ገና አላሸነፍንም። ስለዚህ፦

👉 በጤና ተቋም ውለጂ፤ ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ቆዪ።
👉 በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት አጥቢው። እንገሩ አይደፋ፤ ቅቤም ሆነ ውኃ አይቅመስ።
👉 በተለይ እንደ ዳባትና ደባርቅ ባለ ብርዳማ ቦታ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ አሙቂው፤ በመጀመሪያው ቀን አይታጠብ።
👉 ጡት አልጠባ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ካንቀጠቀጠው «እስኪ ይንጋ» አትበሉ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም!
👉 ቀጣዩን ከማርገዝሽ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት ጠብቂ።

ለእኚያ እናትም «እማማ፣ እርስዎ ከስምንት አምስት አሳደጉ። እሷ ደግሞ የወለደቻቸውን ሁለቱንም ልታሳድግ ነው» አልኳቸው። ህፃኑን አየት አድርገው «እሱንስ እግዜር ይጨመርበት» አሉ።

እርጉዝ ወይም አራስ ላለበት ቤት ሼር አድርጉ።