ቬንትሌተሩ አለ፤ ባለሙያውስ?

ከዲላ ብዙ በማትርቀው ጪጩ አንድ ቡና ቤት አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ ከአዳር ተረኛነት መውጣቷ ነበር። እጇን ደጋግማ ስታፍታታ አይቼ ምን እንደሆነች ጠየቅኋት።

«አምቡባግ፣ ያንን የማስተንፈሻ ከረጢት፣ ስጨምቅ ነው ያነጋሁት» አለችኝ። «ቬንትሌተሩስ አለን። ሲጮህ ግን ምን አግኝቶት እንደሆነ የሚለየው የአንስቴዚያ ባለሙያው ነው፤ እሱ ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር። ምን ላድርግ? ማሽኑን ነቅዬ በእጄ አስተነፈስኩት።»

ታካሚው ነግቶለታል። እኔ ግን ማሽን ሲገዛ አብሮት የሚቆም ሰው ለምን እንዳልታሰበ መጠየቄን መተው አልቻልኩም።

ሕመምተኛን በእጅ ማስተንፈስ ትልቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ከተማ ፖሊዮ ሲገባ፣ በብሌግዳም ሆስፒታል መተንፈስ ካቃታቸው የመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን 27ቱ በሦስት ቀን ውስጥ ሞቱ። የሰመመን ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን በጉሮሮ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ፣ ከረጢት እየጨመቁ ሳንባን መንፋት እንደሚቻል በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ላይ አሳየ። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል ተማሪዎች ለወራት በፈረቃ ሕሙማኑን በእጃቸው አስተነፈሱ፤ ሞቱም በእጅጉ ቀነሰ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል መነሻ ይህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የሚሰጡ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቺካጎ ላይ ማኅበር መሥርተው፣ ሥራቸው ውሎ አድሮ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ዛሬ የዚህ ሙያ ባለቤት፣ ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት (የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ)፣ ለመሆን ቢያንስ የ2 ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፣ በሆስፒታል ልምምድና ብሔራዊ ፈተና ይጠይቃል። ባለሙያው ቬንትሌተር ያስተካክላል፣ አክታ ይመጥጣል፣ የደም ጋዝ ይመረምራል፣ ሕመምተኛውን ከማሽን ቀስ በቀስ ያላቅቃል፣ የአስም ሕመምተኛን የመድኃኒት አሳሳብ ያስተምራል።

በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን ይህ ሁሉ በነርሱና በአንስቴዚያ ባለሙያው ጫንቃ ላይ ነው። የተሠራ ሥራ የለም ማለቴ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቅ የኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ) ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊቲ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ሐኪሙ ትእዛዝ ጽፎ ከሄደ በኋላ ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ የሚቆመው ግን ሌላ ሰው ነው።

ኦክስጅን ደግሞ መጠን ያለው መድኃኒት ነው። ያለ ወሩ ለተወለደ ሕፃን ከልኩ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። እንደ ቡሌ ባለ ደጋ የሚኖር ጤነኛ ሰው የኦክስጅን ልኬት በቆላ ካለው ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ቁጥሩን ማንበብም እውቀት ይጠይቃል። ነርሷ ይህን ታውቀዋለች። «የኦክስጅኑን ፍሎሜትር ስከፍት እጄ ይፈራል» አለችኝ። «ማን አስተማረኝ? ከእኔ በፊት የነበረችው። እሷንስ? ከእሷ በፊት የነበረችው። አንዱ ስህተት ከገባ ስንቱ ሕፃን ጋ እንደሚደርስ አስቡት እንጂ!»

ስለ ሙያው ሥልጠና የጠየቅሁት አንድ የጤና ኃላፊ «በደብዳቤ ይምጡ» አለኝ። ደብዳቤ ይዤ ስመለስ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳም።

ጉድለቱ በሕይወት ይከፈላል፤ መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ አንስቴዚያ ያስተምራል። መምህር አለ፤ የአየር ቧንቧንና ቬንትሌተርን የሚያውቅ የትምህርት ክፍል አለ። ይህን መሠረት አድርጎ ለነርሶች የወራት ሥልጠና፣ ቀጥሎም ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት መክፈት ይቻላል። ጤና ሚኒስቴር የሥራ መደቡንና ደመወዙን አስቀድሞ ይፍቀድ፤ መደብ የሌለው ሙያ ተማሪ አያገኝም። ቬንትሌተር የሚገዛ በጀት ሁሉ የባለሙያውን ሥልጠና አብሮ ይያዝ።