የናፍጣ ሞተር ቴስታታ፦ በከፍታ ላይ የሚፈላ ውሃና የማይታይ ስንጥቅ

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ፒያሳ የሚጓዝ ሚኒባስ ታክሲ በቅድሚያ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን እንደተሻገረም ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይያያዘዋል። መንገዱ አጭር ነው። ይሁንና በዚህ አጭር መንገድ ላይ ሞተሩ ከባድ ጭነት ይሸከማል፤ ተሽከርካሪው በዝግታ ስለሚጓዝም በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ያንሳል። ተሳፋሪ ለማውረድና ለመጫን በቆመ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ ይጠራቀማል። ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ይህን ጭንቀት አብዝቶ የሚቀበለው ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል ነው። በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ ይባላል።

ቃሉ ጣሊያንኛ ሲሆን መነሻው «ራስ» የሚል ትርጉም አለው። ፒያሳ ስሙን ከጣሊያንኛ እንደወረሰ ሁሉ ሜካኒኮቻችንም ካንዴላን፣ ቺንጊያን፣ ቢየላንና ቴስታታን ከዚያው ወርሰዋል። ከፒያሳ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ቢፈርሱም ስሙ አልፈረሰም፤ የጋራዡም ቃላት እንዲሁ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ «የሲሊንደር ራስ» ከሚለው ትርጉም ይልቅ ቴስታታ የሚለውን መርጠናል፤ ክፍሉን ፈትቶ የሚገጥመው ሰው የሚያውቀው ስም እርሱ ነውና።

ጉዳዩን አሁን የምናነሣበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በመሆኑም በመንገድ ላይ ያለ አሮጌ ሞተር በቀላሉ በሌላ የሚተካ ሳይሆን እየወረደ የሚታደስ ነው። ሞተር ሲወርድ ባለንብረቱ ለፋሻ፣ ለኩሽኔታ፣ ለቫልቭና ለጓርኒሲዮን ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ቴስታታው ግን «ደህና ነው» ተብሎ ተጠርጎ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከሳምንታት በኋላ ሞተሩ ውሃ መጨረስ ይጀምራል፤ አዲሱ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል። በእኛ እምነት የዚህ ኪሳራ ዋና ምንጭ ዓይንን እንደ መመርመሪያ መሣሪያ መቁጠር ነው።

የከፍታ ጣጣ

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሳይሆን በመጨመቅ የጋለ አየር ነው። የቶዮታን 2ኤል ሞተር እንውሰድ። የሲሊንደሩ ስፋት 92 ሚ.ሜ.፣ የፒስተኑ ምት ርዝመትም 92 ሚ.ሜ. ሲሆን አየሩን ወደ 22ኛ እጁ ገደማ ይጨምቀዋል። ነዳጁ ሲቀጣጠል የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ግፊቱ 80 ባር ቢደርስ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አናት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ5 ቶን ክብደት ይበልጣል። ቴስታታው ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ሳይቀልጥ የሚኖረው በሆዱ ውስጥ ውሃ ስለሚዘዋወር ነው። ውሃው ሙቀትን በሚገባ የሚወስደው ደግሞ ፈሳሽ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። ውሃው ፈልቶ በአንድ ቦታ እንፋሎት ከታቆረ በዚያ ቦታ ያለው ብረት ለብቻው ይግላል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን የተሠራው ይህን ጉድለት ለመሸፈን ጭምር ነው። 0.9 ባር ተጨማሪ ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ በባሕር ጠለል ወደ 119፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ክዳኑ ካረጀና ግፊት መያዝ ካቃተው ግን ውሃው በ92 ዲግሪ ይፈላል። ብዙ ቴርሞስታቶች የሚከፈቱት በ82 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በመደበኛው የሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ርቀት 10 ዲግሪ ብቻ ይሆናል።

በዚያ ላይ ስስ አየር ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርም በክብደት ይቀንሳል፤ የናፍጣው ፖምፓ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ ከተተወ ነዳጁ ከአየሩ በልጦ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። የከተማይቱ ቀዝቃዛ አየር ጉዳቱን በከፊል ያካክሳል እንጂ አያስቀረውም። ራዲያተሩ በተራ ውሃ ሲሞላ ኖሮ የኖራ ቅርፊት በውስጥ ከተጋገረ ደግሞ ሁኔታው ይብሳል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ቅርፊት ሙቀትን በማገድ ረገድ ከ20 ሚ.ሜ. ውፍረት ካለው ብረት ይበልጣልና።

ቴስታታ እንዴት ይጎዳል?

የጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ምን እንደሚሆን በየቤቱ ይታወቃል። ያፈላ ሞተር ላይ በሃይላንድ የያዙትን ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥም ከዚህ ብዙ አይለይም። ሆኖም ብዙው ስንጥቅ የሚፈጠረው በአንድ ቀን ድንጋጤ ሳይሆን በዝግታ ነው። በመግቢያና በመውጫ ቫልቮች መካከል ያለው ጠባብ የብረት ድልድይ ሲግል መስፋት ይፈልጋል፤ ዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ብረት ስለሆነ ግን አያሰፋውም። ስለዚህ በራሱ ላይ ተጨምቆ በጥቂቱ ቅርፁን ይለውጣል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያው ድልድይ አጥሮ ይገኛልና በተቃራኒው ይወጠራል። ይህ በየቀኑ እየተደጋገመ ሲሄድ ብረቱ ይደክማል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በአብዛኛው የሚገኘው ከአንዱ የቫልቭ መቀመጫ ወደ ሌላው፣ ወይም ከመቀመጫው ወደ ቅድመ ማቃጠያው ክፍል አፍ ሲዘልቅ ነው።

ሌላው ጉዳት መጉበጥ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቴስታታ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.9 ሚ.ሜ. ሊረዝም ይሻል፤ ከሥሩ ያለው የብረት ሞኖብሎክ የሚረዝመው ግን የዚያን ግማሽ ነው። ቡሎኖቹ ጫፎቹን ስለያዙት ከመጠን በላይ ሲግል መሐሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ እንደጎበጠ ይቀራል።

ምርመራው

ምርመራው የሚጀምረው ቴስታታው ከመውረዱ በፊት ነው። በራዲያተሩ አፍ የሚንፈቀፈቅ አረፋ፣ ወተት የመሰለ የሞተር ዘይት፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይቆም ነጭ ጭስ የትኛው ሲሊንደር መታየት እንዳለበት ይጠቁማሉ። የወረደውን ጓርኒሲዮን ወዲያው ወደ ቆሻሻ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተቃጠለበት ቦታ የጎበጠውን ወይም የተሰነጠቀውን ክፍል እንደ ካርታ ያሳያልና። ቡሎኖቹም ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ሊላሉ ይገባል።

ቀጥሎ ጽዳት ይመጣል። ጥላሸት ስንጥቅን ይሸፍናል። ኮስቲክ ሶዳ የብረት ቴስታታን በሚገባ ያጸዳል፤ አሉሚኒየምን ግን ይበላዋል። በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ወይም በሸካራ ወረቀት የመገጣጠሚያውን ፊት መፈግፈግም አይመከርም፤ ፊቱን ይቦረቡራል፣ ለስላሳውን ብረት እያንሸራተተም የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል።

ጉብጠትን ለመለካት ቀጥተኛነቱ የተረጋገጠ የብረት ማስመሪያና ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ይበቃሉ። ማስመሪያው በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም አግድሞሽ ይጋደማል፤ ከሥሩ የሚገባው የመጨረሻው ቅጠል የጉብጠቱን መጠን ይነግረናል። አምራቾች የሚፈቅዱት እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.20 ሚ.ሜ. ባለው መካከል ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚ.ሜ. ገደማ መሆኑን ስናስብ «በዓይኔ አይቼው ቀጥ ያለ ነው» የሚለው አባባል ምን ያህል እንደሚያስኬድ ግልጽ ይሆናል።

ስንጥቅን ለማግኘት ያሉት ዘዴዎች ይበልጥ ይማርካሉ። ከሁሉ ቀላሉ የኩራዝ ክር ነጭ ጋዝን ሽቅብ በሚስብበት ሕግ የሚሠራ ነው። ፈሳሽ ወደ ጠባብ ክፍተት በራሱ ይሳባል፤ ክፍተቱ በጠበበ ቁጥርም ስበቱ ይበረታል። በመሆኑም ቀይ ቀለም ያለው ቀጭን ፈሳሽ በጸዳው ፊት ላይ ተቀብቶ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይጠረጋል፤ ከዚያም ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። በስንጥቁ ውስጥ ተደብቆ የቀረው ቀለም ወደ ዱቄቱ ተስቦ ሲወጣ ቀይ መስመር ይታያል። የተዘጋጀው ቀለም ባልተገኘበት ነጭ ጋዝና ጠመኔ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ይህ የድህነት ብልሃት ብቻ እንዳይመስለን፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የባቡር ጥገና ባለሙያዎች አክስልና ጎማ ይመረምሩ የነበሩት በዘይትና በኖራ ዱቄት ነበር። ቴስታታው ከብረት የተሠራ ከሆነ በማግኔት የሚደረገው ምርመራም አለ፤ ስንጥቁ የማግኔቱን መስክ ስለሚያቋርጥ የተነሰነሰው የብረት ብናኝ በዚያ ይሰበሰባል። ለአሉሚኒየም ግን ይህ አይሠራም።

እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት በገጽ ላይ ያለውን ስንጥቅ ነው። በሆድ ውስጥ ያለውን፣ ማለትም ከውሃው መተላለፊያ ወደ ጭስ መውጫው የሚዘልቀውን የሚገልጠው የግፊት ምርመራ ብቻ ነው። የውሃ ቀዳዳዎቹ በጎማና በብረት ሳህን ይደፈናሉ፤ ከ2 እስከ 4 ባር አየር ይገባል፤ ቴስታታው በውሃ ገንዳ ውስጥ ይጠመቃል፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ገንዳው የሞቀ፣ ቢቻል 80 ዲግሪ አካባቢ የደረሰ ውሃ መያዝ አለበት። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ያለፈ ስንጥቅ ብረቱ ሲሰፋ አፉን ሊከፍት ይችላል። «ጠዋት ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ግን ውሃ ይጥላል» የሚባለው ሞተር ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስንጥቅ ሁሉ ቴስታታውን ያስጥላል ማለት አይደለም። ቮልስዋገን በአንዳንድ የናፍጣ ሞተሮቹ መመሪያ በቫልቭ መቀመጫዎች መካከል እስከ 0.5 ሚ.ሜ. የሰፋ ስንጥቅ ይፈቅዳል። ለሌሎች ሞተሮች ይህን ቁጥር መዋስ አይገባም፤ መመሪያው የሚለው ይቀድማል። መመሪያ ካልተገኘ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ በሞቀ ውሃ ያልተፈተነን የተሰነጠቀ ቴስታታ መመለስ ሰውን በዳገት ላይ በሚቆም ታክሲ ውስጥ እንደማሳፈር ነው። የብረትን ቴስታታ ሳያሞቁ በተራ ብየዳ መድፈንም ከበየዳው ጎን ጠንካራና ተሰባሪ ጠርዝ ይፈጥራል፤ አዲሱ ስንጥቅ በዚያው ይጀምራል። ሙሉው ክፍል ቀድሞ በብዙ መቶ ዲግሪ ካልጋለና ከብየዳ በኋላ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ገንዘቡ በከንቱ ይባክናል።

የጎበጠ ቴስታታ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ይላጋል። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ በሚቀመጥባቸው እንደ 2ኤል ባሉ ሞተሮች የታችኛው ፊት ሲጎብጥ የካምሻፍቱ ማረፊያዎችም አብረው ይጎብጣሉ። ታችኛውን ብቻ መላግ ላይኛውን አያቀናውም። ካምሻፍቱ ያለ ቫልቭ ተገጥሞ በእጅ ሲዞር የሚጠጥር ከሆነ ቴስታታው አስቀድሞ መቃናት ይኖርበታል። ፊቱ በተላገ መጠን ቫልቮቹ ወደ ፒስተኑ ይቀርባሉ፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ያለው ክፍተት ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። መቀመጫውን ከሚገባው በላይ በመቆፈር ይህን መሸሽም ዋጋ ያስከፍላል። በ2ኤል ሞተር በአንድ ሲሊንደር ጫፍ የሚቀረው የአየር ቦታ 29 ሴ.ሜ. ኩብ ገደማ ነው፤ 40 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው አንድ ቫልቭ በ1 ሚ.ሜ. ጠልቆ ቢቀመጥ ቦታው በ1.3 ሴ.ሜ. ኩብ ያህል ይጨምራል፣ የመጨመቂያው ምጣኔም ከ22 ወደ 21 ይወርዳል። አየሩ ቀድሞውንም በሳሳበት ከተማ፣ በሽሮ ሜዳ ብርዳማ ጠዋት ሞተሩን ለማስነሣት የሚደረገው ትግል ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቫልቭ ጥልቀት ከመላጉ በፊትና በኋላ ተለክቶ ሊጻፍ ይገባል።

የተፈተነው ቴስታታ ከመገጠሙ በፊት የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች ከዘይትና ከውሃ ይደርቃሉ፤ በቀዳዳው ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ቡሎኑ የጠበቀ አስመስሎ ያታልላል። የራዲያተሩም ክዳን በግፊት መለኪያ ይፈተሻል፤ በላዩ የተጻፈውን ግፊት ካልያዘ ይለወጣል።