የድመት ሽንት መከልከልና የባለቤቱ ኪስ

ከቤት እንስሳት መካከል ሕመሙን በመሰወር ድመትን የሚተካከል የለም። ውሻ ሲያመው ያላዝናል፥ ላምም መኖዋን ትታ ከመንጋዋ ስትነጠል እረኛው ያውቅባታል፤ ድመት ግን አልጋ ሥር ገብታ ዝም ትላለችና፥ የደዌዋን ጠባይ አስቀድሞ የተማረ ሰው በቤቱ ካልተገኘ በቀር፥ የሽንቷ መከልከል የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ለፈውስ የተፈቀደው ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ደዌ ከአንባቢው ጋራ ለማስተዋወቅ የተነሣ ሲሆን፥ በተለይ የሚናገረው ለእንስሳት ሐኪም የሚከፍለው ገንዘብ በእጁ ለሌለው ሰው ነው፤ ባለጠጋውንስ ሐኪሙ ራሱ ያስረዳዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዷ አፉላ ናት። አፉላ በእስራኤል አገር፥ በኢይዝራኤል ሸለቆ መካከል በ1925 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ ናቸው) የተቈረቈረች፥ በሰሜን ምሥራቋ የታቦርን ተራራ የምታይ፥ በተቈላ የሱፍ ፍሬዋ በአገሩ ሁሉ ስሟ የሚነሣ መጠነኛ ከተማ ናት። በ1984 የሱዳንን በረሃ አቋርጠው፥ በ1991 ግንቦትም በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ በአየር ከተጓዙት የቤተ እስራኤል ወገኖች፥ ከእነርሱም በኋላ ከመጡት፥ ጥቂት የማይባሉት ኑሯቸውን በዚህች ከተማ መሥርተዋል። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ይዘውት የመጡት የከብት ዕውቀት ጥልቅ ነበር፤ በ1888 የገባው የከብት እልቂት ያመጣውን ክፉ ቀን ከአባቶቹ አፍ የሰማ ሕዝብ የበሬን ሳል ከሩቅ ሰምቶ ይለያል። ድመት ግን በዚያ አገር የጎተራ ዘበኛ እንጂ ሕመምተኛ ሆና አታውቅም፤ አይጥ እስከ ያዘች ድረስ ትኖራለች፥ በሞተችም ጊዜ ከጎረቤት ግልገል ተለምኖ ትተካለች።

በአፉላ ጎተራ የለም። የልጅ ልጅ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ስታለቅስ ያገኛትን ግልገል በጃኬቱ ሸፍኖ ሦስተኛ ፎቅ ያወጣታል፤ እናት ትቈጣለች፥ አያት ደግሞ «ተዪው ልጄ፥ ነፍስ ናት» ብላ ትገላግላለች፤ ግልገሊቱም ወንድ ሆኖ ይገኛል፥ ይኮላሻል፥ ከቤት ሳይወጣ ደረቅ መኖ እየበላ ይወፍራል። ሊቃውንቱ ለሽንት መዘጋት ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠው የትኛው ድመት ነው ተብለው ቢጠየቁ የሚገልጹት ይህንኑ ነው፤ የተኮላሸ፥ የወፈረ፥ ከቤት የማይወጣ፥ ደረቅ መኖ የሚበላ ወንድ።

ምክንያቱ ከፍጥረቷ ይጀምራል። የድመት ኩላሊት የበረሃ ኩላሊት ነው። የቤት ድመት የተገኘችው በሰሜን አፍሪካና በቅርብ ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ሲሆን፥ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ ተቀብራ የተገኘች አንዲት ድመት ከ9,500 ዓመት በፊት ከአዳም ልጅ ጋራ መላመዷን ትመሰክራለች። የበረሃ ዘር እንደ መሆኗ ውኃ ፍለጋ አትደክምም፤ ከምታድነው አይጥ ሥጋ ውስጥ ከመቶ ሰባ እጅ ያህሉ ውኃ ስለ ሆነ በእርሱ ትረካለች፥ የቀረውንም ኩላሊቷ አጥብቆ እየያዘ ሽንቷን ያወፍረዋል። ይህች ፍጡር ከመቶ አሥር እጅ ያህል ብቻ ውኃ ያለበትን ደረቅ መኖ ዕድሜ ልኳን ስትመገብ፥ ጉድለቱን ከሣህን ጠጥታ ልታሟላ ሲገባት አታሟላውም፤ ሽንቷም በፊኛዋ ውስጥ እየወፈረ ብዙ ሰዓት ይቈያል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ደዌ መልኩ ብዙ ነው። ከአሥር ዓመት በታች ባሉ ድመቶች ከሚታየው የሽንት ሕመም ከግማሽ የሚበልጠው መነሻው በውል ያልታወቀ የፊኛ ብግነት ነው፤ በዚህ ውስጥ ጀርም አይገኝም፥ ጠጠርም አይገኝም፥ የሚገኘው የተቈጣ ፊኛና የተጨነቀች ድመት ነው። ሁለተኛው ጠጠር ሲሆን፥ ስትሩቫይት የሚባለው ዐይነት በተለየ መኖ በጥቂት ሳምንታት ሲሟሟ፥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ግን በመኖ አይሟሟም፥ በቢላ ካልሆነ አይወጣም። ሦስተኛው ደቃቅ ጠጠርና ዝልግልግ ፈሳሽ ተጣብቀው የሽንት ቧንቧውን የሚደፍኑበት ውታፍ ነው። በጀርም የሚመጣው በሸመገሉት ድመቶች ላይ ይታያል እንጂ በወጣቶቹ እምብዛም አይገኝምና፥ ከሰው መድኃኒት ሣጥን የተረፈ አንቲባዮቲክ ፈጭቶ መስጠት የድኻን ገንዘብ ባያባክንም የድመቲቱን ጊዜ ያባክናል።

ጭንቀት ፊኛን ያሳምማል ሲባል የሚስቅ ሰው ይኖራል። በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቶኒ ባፊንግተን የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፥ ይህ ብግነት የነበረባቸውን 46 የቤት ድመቶች መድኃኒት ከማብዛት ይልቅ ኑሯቸውን በማሻሻል፥ ማለት መሸሸጊያ፥ መውጫ ከፍታ፥ ጨዋታና ጸጥታ እንዲያገኙ በማድረግ፥ ለ10 ወራት ተከታትለው ሕመሙ በግልጽ እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። የአፉላ ሰው ይህን ለመቀበል ሊቸግረው አይገባም፤ በ2006ም ሆነ በ2024 ሮኬት ወደ ከተማይቱ አቅጣጫ በተተኰሰ ጊዜ፥ አዛዓቃው (የማስጠንቀቂያው ደወል) ሲጮኽ ቤተ ሰቡ ወደ ማማድ (ወደ ተጠናከረው የመጠለያ ክፍል) ሲሮጥ ድመቱ የት እንደ ገባ፥ ከዚያም በኋላ ስንት ቀን ከአልጋ ሥር አልወጣ እንዳለ ያስታውሳልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እንስት ድመት የሽንት ቧንቧዋ ሰፊና አጭር ስለ ሆነ ትሠቃያለች እንጂ እምብዛም አትዘጋም፤ ደም የቀላቀለ ሽንት ጥቂት በጥቂት እያደረገች፥ ወደምትጸዳዳበት የአሸዋ ሣጥን እየተመላለሰች ትሰነብታለች፥ ጠጠር ከሌለባትም ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይተዋታል። የወንዱ ቧንቧ ግን ረዥምና ቀጭን ነው፤ በጫፉም ይበልጥ ይጠባል። እርሱ ሲደፈን ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፥ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፥ በደም ውስጥ ፖታሲየም የሚባለው ጨው እየተከማቸ ልብን ያዘገያል፥ በመጨረሻም ያቆማል። ፈጽሞ ከተዘጋበት ሰዓት አንሥቶ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ አንዳንዱም እስከዚያ አይደርስም።

ምልክቱን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ድመቱ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ጀርባውን አጉብጦ ያምጣል፥ ይጮኻል፥ ወጥቶ ብልቱን ይልሳል፥ ተመልሶ ይገባል፤ ብዙ ሰውም ይህን የሆድ ድርቀት መስሎት ዘይት ያጠጣዋል። መለያው አሸዋው ነው። ሲርስ ጓል የሚሆነውን ዐይነት አሸዋ የሚጠቀም ሰው አሸዋውን ጠርጎ ይጠብቅ፤ ትንሽም ቢሆን እርጥብ ጓል ካገኘ ቧንቧው ፈጽሞ አልተደፈነም፥ ድመቱ ደጋግሞ አምጦ አሸዋው እንደ ደረቀ ከቀረ ግን ተዘግቷል። ደግሞም ከኋላ እግሮቹ ፊት፥ በሆዱ ግርጌ፥ ጣቶችን በቀስታ ሲያሳርፉ እንደ ጥሬ ሎሚ የጠነከረ ነገር ከተገኘ፥ ድመቱም ሲነካ ከጮኸ፥ የተወጠረው ፊኛ እርሱ ነው። ነክቶ መተው እንጂ መጭመቅ አይገባም፤ በውጥረት ላይ ያለ ፊኛ ይቀደዳልና። ማስመለስና መዝለፍለፍ ከተከተለ የቀረው ጊዜ በሰዓት የሚቈጠር ነው።

በዚህ ላይ ከእኛ ማእድ ቤት የሚመጣውን አደጋ ሳልናገር አላልፍም። ነጭ ሽንኩርት ለእኛ የማያድነው ደዌ የለም ይባላል፤ ለድመት ግን፥ ቀይ ሽንኩርትም ጭምር፥ የደሟን ቀይ ሕዋሳት የሚያፈርስ መርዝ ነው፥ የዶሮ ወጥ ትራፊም ከዚሁ ይቈጠራል። ከዚህ የሚከፋው አካሞል ነው። በየቤቱ መሳቢያ የማይጠፋው ይህ የሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ስለ ሆነ፥ የድመት ጉበትም ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍበት ኀይል ስለ ጐደለው፥ አንዲት ፍሬ ድመትን ለመግደል ትበቃለች፤ ኑሮፌን የሚባለው ሌላው ማስታገሻም ኩላሊቷን ይጐዳል። ለታመመ ድመት በርኅራኄ የተሰጠ አካሞል ከሽንቱ መዘጋት ቀድሞ ሊገድለው ይችላል።

እንግዲህ ገንዘቡ። በአፉላ ሃዔመቅ የሚባለው ሆስፒታል ከ1930 ጀምሮ የሸለቆውን ሰው ሲያክም ኖሯል፤ ከጥር 1995 ወዲህም የጤና መድን ሕግ ለአገሩ ነዋሪ ሁሉ ኩፓት ሆሊም የሚባል የጤና መድን ድርጅት እንዲኖረው አዟል። ድመት ኩፓት ሆሊም የላትም። የተዘጋ ወንድ ድመት አደንዝዞ በቀጭን ቱቦ መክፈት፥ በደም ሥር ፈሳሽ እየሰጡ ጥቂት ቀን አስተኝቶ መጠበቅ፥ ደሙን መመርመር፥ ሁሉም ሲደመር ብዙ ሺህ ሼቄል ሊደርስ ይችላል፤ ሌሊትና ሰንበት ሲሆን ደግሞ ይጨምራል። በጡረታ ገንዘብ የምትኖር አያት ይህን ስትሰማ ስልኩን ትዘጋለች። መዝጋት ግን የለባትም፤ መካከለኛ መንገድ አለና።

ከላይ የጠቀስናቸው የኦሃዮ ሐኪሞች በ2010 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፥ ባለቤቶቻቸው የተለመደውን ሕክምና መክፈል ስላልቻሉ ሞት ለተፈረደባቸው 15 ወንዶች ድመቶች ሌላ ዘዴ ሞክረዋል፤ ቱቦ ሳያስገቡ ሽንቱን በመርፌ ከፊኛው ቀዱት፥ የሚያረጋጋና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጡ፥ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ጨመሩ፥ ጨለም ባለ ጸጥተኛ ስፍራ አኖሯቸው። ከ15ቱ 11ዱ በሦስት ቀን ውስጥ በራሳቸው ሸኑ። የቀሩት አልተሳካላቸውም፥ ልባቸው በፖታሲየም ለታወከውም ይህ መንገድ አይሆንም፤ ዳሩ ግን ያለ ምንም ተስፋ ከመሞት ይሻላል። ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚደውል ሰው፥ ወይም ዕብራይስጥ የሚያስተረጕምለት የልጅ ልጁ፥ ያለውን ገንዘብ በመጀመሪያ ይናገር፤ «ወንድ ነው፥ ከትናንት ጀምሮ አልሸናም፥ ያለኝ ይህን ያህል ነው፥ በዚህ ምን ይቻላል?» ይበል። ታሽሉሚም፥ ማለት ከፋፍሎ መክፈልን፥ ይጠይቅ። ማፈር የለበትም፤ ሐኪሙ ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይሰማዋል። የሚቻል ነገር ከጠፋም ያለ ሕመም በመርፌ እንዲያሳርፉለት ይጠይቅ፤ ከሦስት ቀን ምጥ ይልቅ ይህ ምሕረት ነው። ወደ መንገድ መጣልን ግን የ1994ቱ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ይከለክላል፥ ሕጉም ባይኖር ኦሪት በሸክሙ ሥር የወደቀውን የጠላትን አህያ እንኳ አልፎ መሄድን አትፈቅድም።

ድመቱ ከዳነ በኋላ፥ ወይም ገና ሳይታመም፥ የሚደረገው ጥበቃ ርካሽ ነው። ደረቁ መኖ በእርጥቡ ይተካ፤ የቆርቆሮው ምግብ ከመቶ ሰባ አምስት እጅ ያህል ውኃ አለው። ለዚህ ገንዘብ ካነሰ ደረቁን በለብታ ውኃ አርሶ መስጠት፥ ወይም ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው የተቀቀለ ዶሮ መረቁን ጨምሮ ማቅረብ ይቻላል፤ ዶሮ ብቻውን ዘላቂ ምግብ ስለማይሆን ከመኖው ጋራ ይደባለቅ። የውኃው ሣህን ሰፊ ይሁን፥ ከአሸዋውም ይራቅ። የአሸዋ ሣጥን ከድመቱ ቍጥር በአንድ ይብለጥ፥ በየቀኑም ይጠረግ። ለብዙ ገንዘብ የሚሸጠውን የሽንት መኖ ግን ሐኪም የጠጠሩን ዐይነት ሳያውቅ መግዛት ብልህነት አይደለም፤ አንዱን ጠጠር የሚያሟሟው ለሌላው አይጠቅምም።

ሕመሙ ተመልሶ የሚመጣ ነውና ገንዘቡም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ዕቁብና ዕድር ከእኛ ጋራ ባሕር ተሻግረው መጥተዋል፤ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ድመት ያላቸው አምስት ቤተ ሰቦች በወር ጥቂት ሼቄል ቢያዋጡ ለአንዱ ክፉ ሌሊት ይረዳል። ወንድ ድመት ያለህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ደኅና ሳለ በአቅራቢያህ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ደውለህ የተዘጋ ድመት ለመክፈት ስንት እንደሚያስከፍልና ሌሊት ማን እንደሚገኝ ጠይቅ፥ ቍጥሩንም ዕብራይስጥ የማያነቡ እናትህ ሊያገኙት በሚችሉበት ስፍራ፥ በማቀዝቀዣው በር ላይ፥ ለጥፈው።