እውነት ወይስ ተረት? የታይሮይድ ክኒን ዓይን ያጠፋል?

«ይህ ክኒን ዓይን ያጠፋል ሲሉ ሰማሁ፤ ልተወው እንዴ?» ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች እርስ በርስ የሚጠያየቁት ነገር ነው። መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ወሬው ከባዶ አልተነሣም። ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ግን እውነቱ ተሸራርፎ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ። ክኒኑ ዓይንን መጉዳቱ አልተረጋገጠም። መድኃኒቱን በገዛ እጅ ማቋረጥ ሰውነትን እንደሚጎዳ ግን የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ የሚባለውን አንድ በአንድ እንመርምር።

በመጀመሪያ ስለ ዕጢው። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ከፊት በኩል የሚገኝ ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ ክብደትንና ጉልበትን ይቆጣጠራል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰውነት ይዝላል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ፊት ያብጣል፣ ሆድ ይደርቃል። ሲበዛ ደግሞ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒን የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ወደ 11,000 የሚጠጉ ሴቶችን ያካተተ አገር አቀፍ ጥናት 35.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንቅርት፣ ማለትም የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ፣ አግኝቷል። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከዚያ መምጣቱ ቀረ። በምትኩ ገበያውን የያዘው አዮዲን የሌለው የአፋር ጨው ነበር። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ይሁንና እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ክኒን አያስፈልገውም፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ተረት 1፦ «የታይሮይድ ክኒን ዓይን ያጠፋል»

እውነቱ፦ አልተረጋገጠም። ለወሬው መነሻ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሉ። የመጀመሪያው በሆላንድ ሮተርዳም ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ 5,573 ሰዎችን ለ7 ዓመት ያህል ተከታተሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ 805 ሰዎች ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የማኩላ መድከም ያዛቸው። ማኩላ ከዓይን በስተጀርባ፣ በሬቲና መሐል ያለች ትንሽ ቦታ ናት፤ ፊት የምንለየው፣ ፊደል የምናነበው፣ መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባው በእሷ ነው። የታይሮይድ ሆርሞናቸው በጤናማው ክልል ውስጥ ሆኖ ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጋ ሰዎች፣ መካከለኛ መጠን ካላቸው ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 1.34 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቲኤስኤች የሚባለው ዋናው የታይሮይድ ምርመራ ግን ከበሽታው ጋር ግንኙነት አላሳየም።

ሁለተኛው አውስትራሊያ ውስጥ ብሉ ማውንቴንስ በሚባለው አካባቢ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ነው። ይኸኛው ስለ ክኒኑም ጠይቋል። ታይሮክሲን ወስደው የሚያውቁ ሰዎች፣ ወስደው ከማያውቁት ይልቅ በማኩላ መድከም የመያዝ ዕድላቸው 68 በመቶ ያህል ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምርም፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሥራ ሲገታ ቀለም የሚለዩት የዓይን ሕዋሳት ከመሞት እንደሚተርፉ አሳይቷል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ለምን «አልተረጋገጠም» እንላለን? አንደኛ፣ የሮተርዳሙ ጥናት ውጤት በደም ውስጥ ስላለው ሆርሞን እንጂ ስለ ክኒኑ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ጥናቶች ሰዎችን ተከታትለው አዩ እንጂ በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ክኒን ሰጥተው ለሌላው አልከለከሉም። ክኒን የሚወስድ ሰው ቀድሞም ሕመም ያለበት ሰው ነው፤ ሐኪም ቤትም አዘውትሮ ይመላለሳል፤ ስለዚህ የዓይን ሕመሙ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። ጥፋቱ የክኒኑ ይሁን የሕመሙ፣ ወይስ የሁለቱም አይሁን፣ እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን አይለይም። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ሲሰማ ያስፈራል እንጂ ሲሰላ ሌላ ነው። ለምሳሌ ከ100 ሰዎች 12ቱ በበሽታው የሚያዙ ቢሆን፣ 1.34 እጥፍ ማለት ወደ 16 ከፍ ማለት ነው። ቀሪዎቹ 84 ሰዎች አይያዙም።

ተረት 2፦ «ለማንኛውም ክኒኑን ማቆም ይሻላል»

እውነቱ፦ አደገኛ ስሕተት ነው። ሌቮታይሮክሲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ መጠኑ በግማሽ እንኳ ለመቀነስ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ይኸው ምንም አልሆንኩም» ይላል። ድካሙ፣ እብጠቱና የሐሳብ መደንዘዙ ግን ከሳምንታት በኋላ ቀስ እያለ ይመለሳል። ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ልብ ይጎዳል። ያቆመችው ሴት እርጉዝ ከሆነች ደግሞ የጽንሱ የአእምሮ እድገት ለአደጋ ይጋለጣል። በጣም የከፋ የሆርሞን እጥረት ራስን እስከ መሳት አድርሶ ሕይወት ያጠፋል።

ተረት 3፦ «ክኒኑን እስከዋጥኩ ድረስ ምርመራ አያስፈልገኝም»

እውነቱ፦ ስለ ዓይን ከወጡት ጥናቶች ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ጥያቄ የተነሣው ሆርሞኑ ከፍ ባለ ጊዜ በመሆኑ፣ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የክኒኑን መጠን ከሚገባው በላይ ላለማሳለፍ ነው። ከመጠን ያለፈ ሆርሞን በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የልብ ምት እንደሚያዛባና አጥንታቸውን እንደሚያሳሳ ከተረጋገጠ ቆይቷል። መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የቲኤስኤች ምርመራ ይደረጋል። ከተስተካከለ በኋላም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት አለበት። «ዛሬ ደክሞኛል» ብሎ ክኒን መጨመርም ሆነ ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም።

ክኒኑ የማያስፈልገው ሰው ሊወስደውም አይገባም። ዕድሜ ሲገፋ ቲኤስኤች በመጠኑ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ መጠነኛ የቲኤስኤች ጭማሪ ያላቸው 737 አውሮፓውያን በዕጣ ተመድበው የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ክኒኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ድካማቸው አልቀነሰም።

አወሳሰዱም መጠኑን ያዛባል። ክኒኑ የሚዋጠው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ነው። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚቀንሰው፣ ቁርስም ሆነ የጠዋቱ ቡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። የአይረን ወይም የካልሲየም ክኒን የሚወስድ ሰው በመካከሉ 4 ሰዓት ያህል ማራቅ ይኖርበታል።

ተረት 4፦ «ዓይኗ የፈጠጠው በክኒኑ ነው»

እውነቱ፦ አይደለም። የዓይን መፍጠጥ በአብዛኛው የሚመጣው ግሬቭስ ከሚባለው የታይሮይድ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ዕጢውንም ከዓይን ኋላ ያለውን ሥጋ ያጠቃል። ከእርጅና ጋር አይገናኝም፤ ወጣቶችንም ይይዛል። ሲጋራ ግን ያባብሰዋል። ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው መታየት ከጀመሩ፣ ዓይን ካመመ ወይም ቀለም ከደበዘዘ በአስቸኳይ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ተረት 5፦ «የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ለዓይን ሞራ ይዳርጋል»

እውነቱ፦ ከፊሉ እውነት ነው። ከታይሮይድ ጀርባ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ አራት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ከተጎዱ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይወርዳል፤ ሳይታከም ለዓመታት ከቆየም የዓይን ሞራ ያመጣል። ይህ የሚሆነው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ካልሲየሙን ተከታትሎ በማከምም መከላከል ይቻላል። በቀዶ ሕክምና እንቅርት ያስወጣ ሰው ከንፈሩን ወይም ጣቶቹን የሚደነዝዘው፣ እጁን የሚጨመድደው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር።

ተረት 6፦ «የሸመገለ ሰው ዓይን መድከሙ የዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል?»

እውነቱ፦ ብዙ ይደረጋል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያውያን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበሩ። ከዚህ ውስጥ 49.9 በመቶ የሚሆነውን ያመጣው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። የትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ መድከም 4.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ብርሃኑ የደከመ ሰው ሁሉ ምክንያቱን በክኒኑ ላይ ካላከከ፣ ሊድን የሚችለው የዓይን ሞራ ሳይታይ ይቀራል።

ማኩላን ለመጠበቅ ሲጋራ አለማጨስ ቀዳሚው ነው። እንደ ጎመን ያሉ ቅጠላ ቅጠሎችም በማኩላ የሚከማች ሉቲን የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው። ቤት ውስጥ አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው የበሩን መቃን ማየት ይቻላል። ቀጥ ያለው መቃን ከተጣመመ ወይም መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ከታየ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ነው።

ፍርዱ እንግዲህ ይኸው ነው፦ የታይሮይድ ክኒን ዓይን ያጠፋል የሚለው አልተረጋገጠም። ከፍ ያለ የታይሮይድ ሆርሞን ከማኩላ መድከም ጋር ተያይዞ መገኘቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ እሱ ነው የሚለው ግን ገና በጥናት ላይ ነው።

የ18 ማዞሪያ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ክኒናችሁን በወሬ አታቋርጡ። የመጨረሻው የቲኤስኤች ምርመራችሁ ዓመት ካለፈው ለሐኪማችሁ አስታውሱ። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ ዓይናችሁን አስመርምሩ። በጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ካስፈለገ በዚያው በኮልፌ ቀራንዮ ያለው አለርት ሆስፒታልም ሆነ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣሉ። ስትሄዱም የምትወስዱትን ክኒን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።